የረገበ ጠፍር እንዴት ይወጠራል፦ ስታስነጥስ ሽንት ለሚያመልጣት

ልጄ ዓመት ሳይሞላት ስቅለት ደረሰ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ስግደት ጀመርኩ። አሥር እንኳ ሳልሞላ፣ ከተደፋሁበት ስነሳ ሽንቴ አመለጠኝ። ጉልበቴን አሞኛል ብዬ ግድግዳ ተደግፌ ዋልኩ። ማታ ለእናቴ ብነግራት «የወለደች ሴት ሁሉ እንዲሁ ናት ልጄ፣ ትለምጂዋለሽ» አለችኝ።

አልለመድኩትም። ከስልክ ላይ ያገኘሁትን ስፖርት ሁለት ወር ሠራሁ። ባሰብኝ። ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለትም በስፖርት የምታክም ባለሙያ ዘንድ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው። አንቺ ያንን ሁለት ወር እንዳትደግሚው ነው ይህን የምጽፈው።

የጠፍር አልጋ ታውቂያለሽ አይደል? ሲከርም መሃሉ ይረግባል። ከፊት ካለው የብልት አጥንት እስከ ጭራ አጥንት ድረስ የተዘረጉት ጡንቻዎች ልክ እንደዚያ ጠፍር ናቸው። የሽንት ፊኛውን፣ ማህፀኑንና አንጀቱን ከሥር የሚደግፉት እነሱ ናቸው። ሐኪሞች የዳሌ ወለል ጡንቻ ይሏቸዋል። እርግዝናና ምጥ ያረግባቸዋል። የማይለቅ ሳል፣ ድርቀትና ከባድ ሸክምም እንዲሁ። ደግነቱ ጡንቻ ስለሆኑ በስፖርት ይጠነክራሉ። አርኖልድ ኬጌል የሚባል አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1948 ስለዚህ ጽፎ ነበር፤ ስፖርቱ «ኬጌል» እየተባለ የሚጠራውም በእሱ ስም ነው።

ከመጀመርሽ በፊት

ሽንትሽ ስታስነጥሺ ብቻ ሳይሆን ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ የሚፈስ ከሆነ፣ በተለይ ምጥሽ ረጅም ከነበረ፣ ፊስቱላ ሊሆን ይችላል። ፊስቱላ በሽንት ፊኛና በብልት መካከል የሚፈጠር ቀዳዳ ነው። በስፖርት አይደፈንም፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ጥገና ይፈልጋል። ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን የመሠረቱት የአዲስ አበባው ፊስቱላ ሆስፒታል ለዚህ በነፃ ያክማል፤ ባህር ዳር፣ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱም ማዕከላት አሉት።

ከብልትሽ የሚወጣ እብጠት የመሰለ ነገር ካለ፣ ሽንት የሚያቃጥልሽ ከሆነ፣ ወይም ደም ካየሽ መጀመሪያ ሐኪም ይይሽ። ግንኙነት ስታደርጊ የሚያምሽ ከሆነም ቆም በይ። ያንቺ ጡንቻ ረግቦ ሳይሆን ተጨምዶ ሊሆን ይችላል። የተጨመደን ጡንቻ ማጥበቅ ደግሞ ሕመሙን ያብሰዋል።

አራስ ከሆንሽ ስፌቱ ጋብ እስኪልልሽ ጠብቂና በቀስታ ጀምሪ። የሽንት ቱቦ ተደርጎልሽ ከሆነ እስኪወጣ አትሞክሪው።

አንድ፦ ተኚ

ሽኚ። በጀርባሽ ተኚ። ጉልበትሽን እጠፊ። አለቀ።

ሁለት፦ ጡንቻውን ፈልጊ

ጣጣው እዚህ ላይ ነው።

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሰው በተሰበሰበበት ፈስ ሊያመልጥሽ ሲል ምን ታደርጊያለሽ? ትይዢዋለሽ። ያ ነው ጡንቻው። ፊዚዮቴራፒስቷ እንዲህ ስትለኝ ከት ብዬ ሳቅኩ፤ ግን ካነበብኩት ሁሉ የገባኝ እሱ ነበር። ከኋላ ጀምረሽ ሰብስቢ። ሽንት እስከምትይዢበት ወደ ፊት አምጪው። ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ ወደ ውስጥ፣ ወደ ላይ ሳቢው።

ወደ ላይ ያልኩትን ልብ በይ። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ትንፋሼን ይዤ፣ ቂጤን ጨምድጄ፣ ሆዴን ወጥሬ ወደ ታች እገፋ ነበር፤ ልክ እንደምታምጥ ሴት። የአንገቴ ደም ሥር ይገተራል፣ ላቤ ጠብ ይላል፤ ስለዚህ የሠራሁ ይመስለኛል። ለካ የረገበው ጠፍር ላይ እየዘለልኩ ኖሯል። በትክክል ሲሠራ እኮ ከውጭ ምንም አይታይም። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመሽ ብትሠሪው አጠገብሽ ያለው ሰው አያውቅም።

ሦስት ማጣሪያ ልስጥሽ። የመጀመሪያው መስታወት ነው። በርሽን ቆልፊና በብልትሽና በፊንጢጣሽ መካከል ያለውን ቦታ እዪው። ስትሰበስቢ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ወደ ውጭ ካበጠ እየገፋሽ ነው። ሁለተኛው ድምፅሽ ነው፤ ጮክ ብለሽ ቁጠሪ። መቁጠር ካቃተሽ ትንፋሽሽን ይዘሻል። ሦስተኛው እጅሽ ነው፤ መቀመጫሽ ላይ አድርጊው። መቀመጫሽ ከጠነከረ ሌላ ጡንቻ እያሠራሽ ነው።

«ሽንትሽን መሃል ላይ እያቆምሽ ተለማመጂ» የሚል ምክር በየቦታው አለ። አትስሚው። ልማድ ካደረግሽው ፊኛሽ በደንብ ሳይራገፍ ይቀራል። እኔም ሳምንት ያህል ሞክሬው ትርፌ ሌሊት ሦስቴ መነሳት ሆነ።

ሦስት፦ ልቀቂ

የሰበሰብሽውን ቀስ ብለሽ ሙሉ በሙሉ ልቀቂ። የያዝሽበትን ያህል ጊዜ እረፊ። ሳይለቅቁ ሌላ መደረብ ጡንቻውን ማድከም ብቻ ነው።

አራት፦ ቁጥሩ

ሦስት ሰከንድ በመያዝ ጀምሪ፤ በየሳምንቱ እየጨመርሽ እስከ አሥር አድርሺው። ከስምንት እስከ አሥር ጊዜ ደጋግሚ። ከዚያ ጥቂት ፈጣን ፈጣን ጨምሪ፤ ያዝ፣ ለቀቅ። ይህን በቀን ሦስት ጊዜ። መጀመሪያ ተኝተሽ፣ ሲቀልልሽ ቁጭ ብለሽ፣ በኋላ ቆመሽ።

አንዲት ጎረቤቴ ከአቦል፣ ከቶናና ከበረካ ጋር ታያይዘዋለች። ያምራል፤ ግን ሦስቱም ባንድ ቁጭታ ያልቃሉ። ደግሞ ቡናው ራሱ ፊኛን ያቻኩላል። እኔ ስልኬ ላይ አላርም ሞላሁና «ውሃ» ብዬ ሰየምኩት። የሥራ ባልደረቦቼ ዛሬም ድረስ ውሃ አዘውታሪ እመስላቸዋለሁ።

ለዚህ ጡንቻ ተብለው በኢንተርኔት የሚሸጡትን ኳስና ማሽን ተያቸው፤ ለጀማሪ ገንዘብ ማባከን ነው። መቀነትም ጥብቅ አድርገሽ አትታሰሪ። ሆድን ሲጨምቀው ጫናው ወደ ታች ይሄዳል፤ ላላ ይበል።

አምስት፦ ከማስነጠስሽ በፊት

ለኔ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይሄኛው ነው። ሳል ወይም ማስነጠስ ሲመጣብሽ አስቀድመሽ ሰብስቢ፤ እስኪያልፍ ያዢው። ጀሪካን ስታነሺ፣ ልጅ ስታቅፊም እንዲሁ። መጀመሪያ ላይ ሁሌ ያመልጥሻል፤ ማስነጠሱ ይቀድምሻል። እኔ ሽንኩርት ስከትፍ ነበር የምለማመደው፤ አፍንጫዬን ሲበላኝ ምልክት ይሆነኛል።

ድርቀት ካለብሽ ውሃና ጎመን አብዢ። ሽንት ቤት ስትቀመጪ እግርሽ ሥር ትንሽ በርጩማ አድርጊና አታምጪ።

ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ቢያንስ ሦስት ወር። እኔ አምስተኛው ሳምንት ላይ ነው ለውጥ ያየሁት፤ እሱም ትንሽ፤ ሳቅ ላይ ቀረልኝ፣ ሳል ላይ ግን ገና ነበር። ሲሻልሽ ሙሉ በሙሉ አታቁሚው፤ እኔ አቁሜ ወሩ ሳይሞላ መልሶብኛል።

ሦስት ወር ሠርተሽ ምንም ካልተለወጠ፣ ወይም ጡንቻውን ጭራሽ ማግኘት ካቃተሽ፣ ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ሂጂ። ቀጠሮ ከመያዝሽ በፊት ደውለሽ «የሽንት ማምለጥ ታክማላችሁ? ሴት ባለሙያ አለች?» ብለሽ ጠይቂ። እኔ ሳልጠይቅ የሄድኩበት ቦታ የሚያክሙት ወገብና ጉልበት ብቻ ነበር፤ የካርድ ከፍዬ ወጣሁ። የምታክምሽ ሴት ጓንት አድርጋ በጣቷ ከውስጥ ልትመረምርሽ ትችላለች። ካልፈለግሽ እምቢ ማለት ትችያለሽ፤ ከውጭ ዓይታም የምትረዳሽ ብዙ ነገር አለ።