አሮጌ ጊታር ፎቶ ስናነሳ የምንሠራቸው ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት ካሜራው ገና ከቦርሳው ሳይወጣ ይፈጸማል፤ መወልወል ነው። እኔም አንድ ጊዜ ፎቶ እንዳነሳው የተሰጠኝን አሮጌ ጊታር፣ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው በዘይት ወልውዬ አስቀመጥኩት። ፎቶው ላይ የወጣው የዘይቱ ብልጭታ ብቻ። ከፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ ካሉት አግድም ብረቶች) ሥር የተጋገረው እድፍም፣ አውራ ጣት የፈገፈገው የአንገቱ ጀርባም አንድ ዓይነት ጠቁረው ቀሩ። ትናንት ያረፈውን አቧራና የራሳችሁን የጣት አሻራ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አንሱ፤ ዓመታት ያጋገሩትን ተዉት።

ብዙ ፎቶ የሚበላሸው ግን በብርሃን ነው። ፍላሽ ከፊት ለፊት ሲመታው ጭረቱም ስንጥቁም ጥላ ያጣል፤ ጥላ ከሌለ ደግሞ ጉድጓዱ አይታይም። ፍላሹን አጥፉና ጊታሩን መስኮት አጠገብ አስተኙት፤ ብርሃኑ ገጹን እየታከከ በጎን ይለፍ። በመብራት ከሆነ የምታነሱት፣ ከገጹ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ብቻ ከፍ አድርጋችሁ ያዙት። ያኔ እያንዳንዱ የጥፍር ጭረት የራሱን ጥላ ይዞ ብቅ ይላል። ከዚያ መሣሪያውን ትንሽ ትንሽ አዙሩት፤ አንዱ ቦታ ላይ ስንጥቁ ድንገት ይነሳል፣ ሁለት ጣት ያህል ሲያልፍ ይጠፋል። እዚህ ላይ ግማሽ ሰዓት ቢጠፋ አይቆጭም። የመስኮት ብርሃንና ቢጫ አምፖል ግን አትቀላቅሉ፤ አንዱ 5500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) አካባቢ፣ ሌላው 2700 ስለሆነ እንጨቱ በአንድ ወገን ብርቱካንማ፣ በሌላው ሰማያዊ ይወጣል።

ሌንስ ላይ ተገጥሞ የሚዞረው ፖላራይዚንግ ፊልተር የቫርኒሹን (እንጨቱ የተቀባውን ማብለጭለጫ) ነጸብራቅ ይቀንሳል። ባዶ ብረት ላይ ግን ብዙም አይረዳም። ሳክስፎን የሚያነሳ ሰው ፊልተሩን እያዞረ ከሚደክም ትልቅ ነጭ ካርቶን ከጎኑ ቢያቆም ይሻለዋል፤ ብረቱ የክፍሉን ግርግር ትቶ ካርቶኑን ያሳያል።

ስልክ አስጠግቶ ማንሳትም ያው የተለመደ ነው። ዋናው ሌንስ ሰፊ ስለሆነ የቀረበው የጊታሩ ራስ ይገዝፋል፣ አካሉ ይኮሰምናል። ራቅ ብላችሁ በ2 እጥፍ አጉሉ። በካሜራ ከሆነ፣ ቅርብ ሆኖ በኤፍ 2.8 (የሌንሱን ቀዳዳ በሰፊው ከፍቶ) ማንሳት አንድ ክር አጥርቶ ሌላውን ያደበዝዛል፤ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 8 ወይም 11 አጥብቡ፣ ካሜራውን ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ አድርጉ፣ የ2 ሰከንድ መቁጠሪያ ተጠቀሙ።

ሌላው፣ መሣሪያውን ከራስ እስከ ታች ብቻ አንስቶ መሄድ ነው። የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የዊሊ ኔልሰንን ጊታር፣ «ትሪገር»ን አስቡ። ማርቲን ኩባንያ የሠራው ኤን-20 የተባለ ሞዴል ነው፣ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አብሮት ያለ። ለጣት የተሠራ የናይለን ክር ጊታር ስለሆነ ገጹ ላይ የጭረት መከላከያ የለውም፤ እሱ ደግሞ በፒክ (በክር መምቻ ቁራጭ) ይመታዋል፤ ስለዚህ ከድምፅ ቀዳዳው አጠገብ ሌላ ቀዳዳ በስቶበታል። ያን ቀዳዳ ያላስጠጋ ፎቶ የማንኛውም ጊታር ፎቶ ነው። በእናንተም መሣሪያ ላይ እጅ የበላውን ቦታ ፈልጉ፦ ክንድ ያረፈበትን ጠርዝ፣ መዳፍ ያለሰለሰውን አንገት።

በመጨረሻ ኮምፒውተር ላይ ስትቀመጡ ክላሪቲውን (የፎቶ ማረሚያውን ዝርዝር ማጉያ) እስከ ጥግ አትግፉት፤ እንጨቱ የድንጋይ ቅርፊት ይመስላል። ጥቁርና ነጭ ማድረግም፣ ያረጀ ነገር ሁሉ ይስማማዋል ቢባልም፣ እኔ አልወደውም። ማር የመሰለው ቫርኒሽ ቀስ በቀስ ሳስቶ ሐመር እንጨት የሚሆንበት ጠርዝ ግራጫ ሆኖ ይቀራል።