ቆሞ የሚከርም መኪና ባትሪ፦ በትንሽ አምፔር ቻርጀር እንዴት ይቆያል?

ለወራት ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ለዘበኛው «በሳምንት አንዴ አስነሣው» ብሎ መሄዱ የተለመደ ነው። ባትሪውን ግን አያድነውም። መኪናው ሳይነዳ ሞተሩ 10 ደቂቃ ቢሠራ ዲናሞው የሚመልሰው ጥቂት ነው፤ የባትሪው የመጨረሻ 20 በመቶ የሚሞላው በብዙ ሰዓት ነውና። በዚህ መሐል አላርሙና ኮምፒውተሩ መብላታቸውን አያቆሙም። 50 ሚሊአምፔር ብቻ ቢስቡ በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ይሆናል፤ የ60 አምፔር ሰዓት ባትሪ በ25 ቀን ግማሹን ያጣል። ጎድሎ የከረመ ባትሪ ፕሌቶቹ (በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች) ላይ ሰልፌት የሚባል ጨው ይጠጥርበታል፤ ከዚያ ቢሞላም የድሮ አቅሙን አያገኝም።

የሚገዙት ቻርጀር ከ1 እስከ 4 አምፔር የሚሰጥ፣ ባትሪው ሲሞላም በራሱ ወደ 13.5 ቮልት አካባቢ የሚወርድ ይሁን። መቆጣጠሪያ የሌለው ርካሹ ዓይነት ከ15 ቮልት በላይ እየገፋ ውሃውን አፍልቶ ይጨርሰዋል። ከአሜሪካ የተላከ ከሆነ ጀርባውን ያንብቡ፤ 120 ቮልት ብቻ የሚለው በእኛ 220 ይቃጠላል። ከሁሉ በላይ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በራሱ መቀጠሉን ይፈትሹ፦ ባትሪ ላይ እንዳለ ከሶኬት ነቅለው መልሰው ይሰኩት። ቁልፉ ካልተጫነ የማይነሣ ቻርጀር ለእኛ አገር አይሆንም።

መኪናው ካደረ በኋላ በቴስተር ይለኩ። 12.6 ቮልት ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ፣ ከ12 በታች ባዶ ሊባል ይችላል። ሞልቶ አድሮ 10.5 አካባቢ የሚያሳይ ባትሪ አንድ ሴሉ (የውስጥ ክፍሉ) ሞቷል፤ በከንቱ አይድከሙ። ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ ውሃውን ይዩ፦ ፕሌቶቹ ከተጋለጡ እስኪሸፈኑ ብቻ የተጣራ ውሃ ይጨምሩ፣ እስከ ምልክቱ የሚሞሉት ቻርጅ ካለቀ በኋላ ነው። አሲድ አይጨመርም።

ቻርጀሩ ከሶኬት ሳይሰካ ቀዩን መቆንጠጫ ፖዘቲቩ ላይ፣ ጥቁሩን ከባትሪው ራቅ ያለ ቀለም የሌለው የሞተር ብረት ላይ ያስይዙ፤ ሶኬቱ መጨረሻ ነው። ሲያነሡ ግን መጀመሪያ ሶኬቱን። ምክንያቱም ባትሪው ሲሞላ ሃይድሮጂን ያወጣል፤ አጠገቡ ብልጭታ ከተነሣ ይፈነዳል። ጋራዡ አየር ያግኝ። ግማሽ የሆነ የ60 አምፔር ሰዓት ባትሪ በ2 አምፔር 18 ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ባትሪው እጅን የሚያቃጥል ከሆነ ያቁሙ።

24 ቮልት የሆነ የጭነት መኪና ሁለት ባትሪ በተከታታይ ስላለው የ24 ቮልት ቻርጀር ያስፈልገዋል። በ12 ቮልት ቻርጀር አንዱን ብቻ መሙላት ሁለቱን ያበላልጣል። የኤሌክትሪክ መኪናም ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አለው፤ ሊቲየም ከሆነ የሊቲየም ማስተካከያ ያለው ቻርጀር ይጠቀሙ።

ሶኬት በሌለበት ግቢ ባትሪውን ሞልተው ኔጌቲቩን በ10 ቁጥር ቁልፍ ይፍቱ፣ በየ3 ወሩም መልሰው ይሙሉ። ከመፍታትዎ በፊት በሩ በሪሞት ብቻ ሳይሆን በቁልፍም መከፈቱን ይሞክሩ።