በአሜሪካ ሆስፒታል በኮቪድ የተኛ ጥቁር ታማሚን ኩላሊት እንዴት መከታተል ይቻላል?

በአሜሪካ በኮቪድ-19 ሆስፒታል ከተኙ ሕሙማን መካከል ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ጥቁሮችን ከነጮች ይበልጥ እንዳጠቃ ጥናቶች ደጋግመው ስላሳዩ፣ አስታማሚዎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የታማሚውን የክሬቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) የደም ምርመራ ውጤት ጠይቀው ይመዝግቡ። ቁጥሩ በ48 ሰዓት ውስጥ በ0.3 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ፣ ወይም ሽንቱ ካነሰ፣ ሳይዘገዩ ሐኪሙን ያነጋግሩ።

የስኳርና የደም ግፊት ሕመም ካለ፣ እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻም ከተወሰደ፣ በዝርዝር ይናገሩ። መዝገብ ላይ «ጥቁር» ተብሎ መጻፉ ብቻውን የዘር ውርስን አይገልጽም፤ በምዕራብ አፍሪካ ተወላጆች ዘንድ የተለመዱት ለኩላሊት አደገኛ የሆኑ የጂን ለውጦች በኢትዮጵያውያን ዘንድ እምብዛም አይገኙም።

ከሕመሙ በኋላ የኩላሊት አቅም ሲለካ፣ ስሌቱ ዘርን በማያስገባው የ2021 CKD-EPI ቀመር (ከክሬቲኒን ተነስቶ የኩላሊትን አቅም የሚገምት) መሠራቱን ያረጋግጡ፤ የ2009ኙ ቀመር የጥቁሮችን ውጤት 16 በመቶ ያህል ከፍ ስለሚያደርግ ጉዳቱን አሳንሶ ያሳይ ነበር፣ ይህም ከባድ በደል ነው።