አዲስ አበባ ዳር፦ የፌዴራል፣ የክልልና የከተማ ሥልጣንን የማደባለቅ ስህተቶች

ከአያት ወዲያ ለገጣፎ፣ ከአስኮ ቀጥሎ ቡራዩ። ታክሲው ሳይቆም የሚያልፈው መስመር ሁለት አስተዳደር፣ አዲስ አበባንና ኦሮሚያ ክልልን፣ ይለያል፤ ከሁለቱ ጋር ደግሞ ፌዴራል መንግሥት አለ። ሦስቱን እንደ መሰላል የሚቆጥር ሰው ጊዜውንም ገንዘቡንም ያቃጥላል።

«ክልሉ እምቢ ካለ ፌዴራል ይሽረዋል» ማለት

ሕገ መንግሥቱ ሥልጣን ያከፋፈለው በሥራ ዓይነት እንጂ በማዕረግ አይደለም። መሬትን እንውሰድ። በአንቀጽ 51 የመሬት አጠቃቀም ሕግ የሚያወጣው ፌዴራል ነው፤ በአንቀጽ 52 በዚያ ሕግ መሠረት መሬቱን የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። ስለዚህ ሱሉልታ ላይ ካርታ የተከለከለ ሰው አራት ኪሎ ቢመላለስ ካርታ የሚሰጠው አያገኝም። ለፌዴራል ብቻ ወይም ለሁለቱ በጋራ በግልጽ ያልተሰጠ ሥልጣንም የክልል ነው። (ግብር ላይ ግን ሌላ ነው፦ ያልተደለደለ የግብር ሥልጣን በአንቀጽ 99 የሚወሰነው በፌዴሬሽንና በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው።)

ወሰኑን በመታወቂያና በቆጣሪ መገመት

ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። የአዲስ አበባ መታወቂያ የሚያሳየው የሰውየውን መዝገብ እንጂ የቦታውን አይደለም። የመብራት ቆጣሪም አያስረዳም፤ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ የፌዴራል ድርጅት ስለሆነ በወሰኑ ግራና ቀኝ ያስገባል። ከተማዋና ኦሮሚያ በነሐሴ 2014 በወሰን ላይ ስለተስማሙ፣ የቆየ ወረቀት ላይ የተጻፈው የክፍለ ከተማ ስም ብቻውን አይበቃም። በኋላም በክልሉ በኩል ያሉት ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ ለገዳዲ የኦሮሚያ በሆነው ሸገር ከተማ ውስጥ ገብተዋል። የቦታውን መለኪያ ነጥቦች የያዘ ሳይት ፕላን ይዘው ወደ መሬት አስተዳደሩ ይሂዱ፤ ፋይሉ እዚያ መኖሩን በጽሑፍ ያስመልሱ። በሸገር በኩል የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማመልከቻውን በዚያው ማስጻፍ መጉላላት ይቀንሳል።

«ሰፈሩ አዲስ አበባ ሊገባ ነው» የሚል ደላላ ካጋጠመ፣ የሚያሻሽጠው ብዙ ጊዜ የእርሻ መሬት ነው። መሬት እንደማይሸጥ አንቀጽ 40 ደንግጓል። የቀበሌ ደብዳቤም ጨረቃ ቤትን ሕጋዊ አያደርግም።

ልዩ ጥቅምን ባለቤትነት ማድረግ

አንቀጽ 49 አዲስ አበባ ራሷን እንደምታስተዳድር፣ ተጠሪነቷም ለፌዴራል መንግሥት እንደሆነ ይናገራል። ለኦሮሚያ ልዩ ጥቅም ያስጠብቃል፤ ዝርዝሩን ግን ለሕግ ይተወዋል። በ2009 ረቂቅ አዋጅ ለፓርላማ ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀረ። ስለዚህ አንቀጹ ከተማዋን የክልሉ ናት አይልም፤ በሌላ ወገን ደግሞ እንደ ባዶ ቃል የሚታይም አይደለም። ከተማዋ የምትጠጣው የለገዳዲና የገፈርሳ ውሃ ከክልሉ ምድር የሚመጣ ነውና።

አስተናጋጁን ሕዝብ ሳያሳምኑ ፕሮጀክት መጀመር

የሰንዳፋ ቆሻሻ ማስወገጃ የከተማዋ ነበር፤ ቦታው ግን ኦሮሚያ ውስጥ ነው። በ2008 ሥራ ጀምሮ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ በወራት ውስጥ ቆመ። ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ገደለ። ለአደጋው ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ሆኖም ቢሮ ለቢሮ የተደረገ ስምምነት በአጥሩ ማዶ የሚኖረውን ገበሬ እንደማይተካ እዚያ ታይቷል።

አቤቱታን የተሳሳተ በር ላይ ማንኳኳት

መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ አዋጅ 1161/2011 አቤቱታ የሚሰሙ አካላትን የሚያቋቁሙት ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች እንደሆኑ ይደነግጋል። ትዕዛዙ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ለዚያው አካል ያስገቡ፤ ፌዴራል መሥሪያ ቤት የገባ ደብዳቤ ቀኑን አያስቆምም። መንገዱ የፌዴራል ፕሮጀክት ቢሆንም በሩ ያው ነው። ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ሳይቀበሉ ከመስኮቱ አይውጡ።