ጭቃ ቤት ላይ የተለሰነ ሲሚንቶ ለምን ይረግፋል?

ጣሪያው እንደማያፈስ አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ምልክቱ ሁሌም ያው ነው። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ላይ፣ ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ያለው ልስን ይነፋል። በጣት ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ከዚያ በትልልቁ እየተገነጠለ ይወድቃል። ለሳኝ ይጠራል፣ በሲሚንቶ ይደፍነዋል፣ በዓመቱ ደግሞ ይረግፋል።

ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ግትር ስለሆነ አብሮት አይሄድም፤ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ ከኋላ ጭቃውን ያላላዋል። «ሲሚንቶውን አብዛው» የሚሉ ባለቤቶች ነገሩን ያብሱታል። የዶሮ ሽቦ ቸንክሮ መለሰንም ጊዜ መግዛት ነው። ሽቦው ልስኑን አንጠልጥሎ ይይዝና ከጀርባው ያለውን ብስባሽ ይደብቅላችኋል።

ጉለሌ አንድ ቤት በየዓመቱ ይለሰን ነበር። ስናራግፈው ወሩ ታኅሣሥ ነው፣ ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ ውስጡ ያለው ጭቃ ግን በእጅ ይጨመቃል። ጭቃውን የያዙት የእንጨት ቋሚዎች እግር በስብሶ በመጥረቢያ ጀርባ ሲነካ ይፈረፈራል። ለካ ግቢውን ሲሚንቶ ሲያስደርጉ ከቤቱ ወለል ከፍ አድርገውታል። ዝናቡ በቀጥታ ወደ ግድግዳው! ሌላ ቤት ደግሞ አሸንዳ አለው፣ መውረጃ የለውም። ማዕዘኑ ላይ ይዘረግፈዋል። ለኳርትዝ ቀለም ብር ተገኝቷል፣ ለአንድ ቱቦ ግን ጠፋ።

ስለዚህ መጀመሪያ ውሃውን አርቁ። ግቢውን ዝቅ አድርጉ፣ ቦይ ቅደዱ፣ መውረጃ ግጠሙ። ይህ ሳይሆን ግድግዳውን አትንኩ። ከዚያ የተነፋውን ሲሚንቶ በሙሉ አራግፉ። የበሰበሰ ቋሚ ካያችሁ ጣሪያውን በድጋፍ ሳትይዙ እንዳትነቅሉት! ግድግዳው ይድረቅ። «ለበዓል ይድረስልን» የሚል ባለቤት አትስሙ።

በሲሚንቶው ፈንታ ግድግዳውን በጭቃ ትመርጉታላችሁ። ለምርጊቱ አፈርና የጤፍ ጭድ በውሃ ረግጣችሁ ቢያንስ ሳምንት ይብላላ። መሽተቱ ጥሩ ምልክት ነው። የመጀመሪያውን ዙር ወፍራም አድርጋችሁ ምረጉና ሳይደርቅ ጫር ጫር አድርጉት። ሲደርቅ ሁለተኛውን ቀጭን ዙር በደቃቅ ጭድ ድገሙት። እሱም ሲደርቅ ግድግዳውን እያረጠባችሁ ኖራ በቀጭን በቀጭኑ ሦስት አራት ጊዜ ቀቡት። ፕላስቲክ ቀለም አይሆንም፤ እርጥበቱን መልሶ ያፍነዋል። ኖራው ገና ውሃ ያልነካው ከሆነ ስትበጠብጡት ይፈላል። ኖራውን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ኖራው ላይ አታፍስሱ፤ ዓይናችሁን ሸፍኑ፣ ልጆችን አርቁ።

ምርጊቱ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ከታየ ጭዱ አንሷል ወይም አፈሩ ሸክላ በዝቶበታል፤ አርጥባችሁ እሹት። ከመሬት የሚወጣ የጭቃ መስመር ካያችሁ ምስጥ ነው። ከመስኮት ማዕዘን በሰያፍ የሚሄድ፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ግን የመሠረት ጉዳይ ነው፤ ለሳኝ ሳይሆን መሐንዲስ ጥሩ።