የቤት ሚዛን የሚያሳየውን የሰውነት ስብ መጠን እንዴት እንለካ፣ እንዴትስ እናንብበው?

ከክብደት በተጨማሪ የሰውነትን የስብ መጠን በመቶኛ የሚያሳዩና ከስልክ ጋር የሚገናኙ ሚዛኖች ዛሬ በብዙ ቤቶች ይገኛሉ። በባዶ እግር ለጥቂት ሰከንዶች መቆም ብቻ በቂ ስለሆነ፣ በስልኩ ላይ የሚወጣው የስብ ቁጥር እንደ ክብደቱ ሁሉ በቀጥታ የተለካ ይመስላል። ነገር ግን ክብደቱ በእርግጥ ይለካል፤ የስቡ መጠን ግን በስሌት የተደረሰበት ግምት ነው። ይህን ልዩነት ያልተረዳ ሰው በአንድ ጠዋት ቁጥር ተስፋ ቆርጦ ትክክለኛ አካሄዱን ሊተው፣ ወይም በሌላ ጠዋት ቁጥር ተደስቶ መጠንቀቅ በሚገባው ጊዜ ሊዘናጋ ይችላል። ሁለቱም ጤናን የሚጎዱ በመሆናቸው፣ መሣሪያው የሚሠራበትን መንገድ ማወቅ ሚዛኑን ከመግዛት መቅደም ያለበት ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሚዛኑ በትክክል የሚለካው ነገር

በሚዛኑ ገጽ ላይ ያሉት የብረት ሳህኖች ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እግር በጣም ደካማና ለሰው የማይሰማ ኮረንቲ ይልካሉ። የኮረንቲው መጠን ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊአምፔር ያነሰ ሲሆን ድግግሞሹ በአብዛኛው 50 ኪሎኸርዝ ነው። ጡንቻና ደም ብዙ ውሃና በውሃው ውስጥ የሟሟ ጨው ስላላቸው ኮረንቲውን በቀላሉ ያሳልፋሉ፤ ስብ ግን የያዘው ውሃ ጥቂት ስለሆነ ይቋቋመዋል። ሚዛኑ ይህንን መቋቋም ይለካና እርስዎ ያስገቡትን ቁመት፣ ዕድሜና ፆታ እንዲሁም ራሱ የመዘነውን ክብደት በቀመር ውስጥ አስገብቶ በሰውነትዎ ያለውን ውሃ ይገምታል። ከስብ ውጭ ያለው የሰውነት ክፍል በአማካይ 73 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው ተብሎ ስለሚወሰድ፣ ከውሃው ተነሥቶ ስብ ያልሆነውን ክብደት ያሰላል። በመጨረሻም ያንን ከጠቅላላው ክብደት ቀንሶ የቀረውን ሁሉ ስብ ብሎ ያስቀምጣል።

ከዚህ የምንረዳው ዋና ነገር ስቡ ራሱ በየትኛውም ደረጃ እንዳልተለካ ነው። ስብ የሂሳቡ ቀሪ ስለሆነ፣ ከእሱ በፊት በነበሩት ደረጃዎች የተፈጠረ ስሕተት ሁሉ በመጨረሻ እሱ ላይ ያርፋል። ለምሳሌ 70 ኪሎ ግራም የሚመዝንና የስብ መጠኑ 20 በመቶ የሆነ ሰው 14 ኪሎ ግራም ስብና 56 ኪሎ ግራም ሌላ አካል አለው እንበል። ይህ ሰው አንድ ሊትር ውሃ ጠጥቶ ወዲያው ሚዛኑ ላይ ቢወጣ ክብደቱ 71 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ውሃው ግን ገና በጨጓራው ውስጥ ስለሆነ በእግሮቹ በኩል የሚያልፈውን ኮረንቲ አይለውጠውም። ስለዚህ ሚዛኑ ተጨማሪውን ኪሎ ግራም በአብዛኛው ከስብ ይቆጥረዋል፤ የስብ መጠኑም ወደ 21 በመቶ ይጠጋል። ሰውየው የጠጣው ውሃ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ድክመት ኮረንቲው የሚሄድበት መንገድ ነው። ለእግር ብቻ የተሠሩ ሚዛኖች ኮረንቲውን በአንዱ እግር አውጥተው በሌላው ስለሚመልሱት ደረት፣ ክንድና አብዛኛው የሆድ ክፍል አይነካም። የሰውነት ግንድ ከጠቅላላው ክብደት ግማሽ ያህሉን ቢይዝም ሰፊና አጭር በመሆኑ ለኮረንቲ የሚያቀርበው መቋቋም ከመላው አካል ከአሥር አንድ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ በእጅም የሚያዝ መያዣ ያላቸው ሚዛኖች እንኳ የግንዱን ሁኔታ በደንብ አያዩትም። ስኳርና የልብ በሽታን በማምጣት ረገድ ይበልጥ የሚያሰጋው ስብ የሚከማቸው ደግሞ በሆድ ዕቃ ዙሪያ ነው። በመተግበሪያው ላይ “የውስጥ ስብ ደረጃ” ተብሎ የሚወጣው ቁጥር ከእግር መቋቋም፣ ከክብደት፣ ከዕድሜና ከፆታ የተገመተ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። “የሰውነት ዕድሜ” እና “የአጥንት ክብደት” የሚባሉትም እንዲሁ ናቸው። እኔ እነዚህን ሦስቱን ጨርሶ እንዳይከታተሏቸው እመክራለሁ።

ቀመሩ ለማን ተሠራ?

እያንዳንዱ አምራች የራሱን ቀመር የሚያዘጋጀው የተወሰኑ ሰዎችን ይበልጥ በታመነ ዘዴ ለክቶ ከሚዛኑ ውጤት ጋር በማነጻጸር ነው። የእርስዎ ሰውነት ከእነዚያ ሰዎች ጋር በቅርጽ ካልተመሳሰለ ግምቱ በአንድ አቅጣጫ ያዘነብላል። ይህ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ልዩ ትርጉም አለው። በ1998 በፈረንጆች አቆጣጠር የታተመና የልዩ ልዩ ሕዝቦችን መረጃ ያሰባሰበ ጥናት፣ ዕድሜና ፆታ እኩል ሆኖ የሰውነት የስብ መጠንም እኩል በሚሆንበት ጊዜ የኢትዮጵያውያን የቁመትና የክብደት ምጣኔ (BMI፣ ማለትም ክብደት በኪሎ ግራም ለቁመት በሜትር ካሬ ሲካፈል) ከአውሮፓውያን ዝርያዎች በ4.6 ያህል ዝቅ እንደሚል አሳይቷል። በሌላ አነጋገር፣ ቀጭን የሚመስል ኢትዮጵያዊ በአውሮፓውያን ዘንድ ከሚጠበቀው በላይ ስብ ሊኖረው ይችላል። በአንጻሩ ረጅም እግር ለኮረንቲው ረጅም መንገድ ስለሆነ መቋቋሙን ከፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ከቁመቱ አንጻር እግሩ ረዘም ያለ ሰው በእግር ሚዛን ላይ ስቡ ከእውነተኛው በላይ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ሁለቱ ዝንባሌዎች በአንድ ሰው ላይ እንዴት እንደሚደመሩ ከሚዛኑ ቁጥር ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

የቀመሩን ድርሻ በራስዎ ማየት ከፈለጉ ቀላል ሙከራ አለ። ከተመዘኑ በኋላ በመተግበሪያው ውስጥ ዕድሜዎን በ20 ዓመት ጨምረው ወዲያው እንደገና ይመዘኑ። ሰውነትዎ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ምንም ሳይለወጥ የስብ መጠኑ ከተለወጠ፣ ልዩነቱን ያመጣው ቀመሩ ብቻ ነው። “የስፖርተኛ” የሚለውን ምርጫ ሲያበሩና ሲያጠፉም በብዙ ሚዛኖች ላይ ቁጥሩ በርከት ባሉ ነጥቦች ይዘላል። ሙከራውን እንደጨረሱ ትክክለኛውን ዕድሜ መመለስ አይርሱ። ከዚያም አንዱን የስፖርተኛ ወይም የመደበኛ ምርጫ ይያዙና አይቀያይሩት።

ንባቡ እንዳይዋዥቅ የሚደረግ ጥንቃቄ

መሣሪያው ሙሉ በሙሉ ትክክል ባይሆንም፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሁኔታ ከተጠቀሙበት ስሕተቱ በአብዛኛው ተመሳሳይ ሆኖ ስለሚቆይ የለውጡን አቅጣጫ ለማየት ይረዳል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ጥንቃቄ ሁሉ አንድ ዓላማ አለው፤ እሱም የዛሬውና የሚቀጥለው ሳምንት መለኪያ በተቻለ መጠን በአንድ ዓይነት ሁኔታ እንዲከናወኑ ማድረግ ነው።

ሚዛኑን በሊሾ ወይም በሴራሚክ ወለል ላይ ያስቀምጡ፤ ምንጣፍ ላይ ከሆነ ክብደቱ ራሱ ይዛባል፣ ክብደቱ ሲዛባ ደግሞ ስቡም ይዛባል። ቦታውን ከሳምንት ሳምንት አይቀይሩ። ከሁሉ የሚሻለው ሰዓት ጠዋት ከእንቅልፍ ተነሥተው፣ ሽንት ቤት ከሄዱ በኋላ፣ ምግብም ውሃም ሳይቀምሱ ነው። ሆኖም ከአልጋ እንደወረዱ ወዲያው አይውጡ። ተኝተን ሳለን ፈሳሽ በመላው አካል ይሰራጫል፤ ስንቆም ግን ወደ እግር መውረድ ይጀምራል፤ ስለዚህ አሥር ደቂቃ ያህል ቆም ብለው ወይም ተንቀሳቅሰው መመዘን ንባቡን ያረጋጋዋል። በቢሮ ሲቀመጡ ወይም በሱቅ ሲቆሙ ከዋሉ በኋላ ማታ መመዘን ግን እግር ውስጥ ፈሳሽ ስለሚጠራቀም ስቡን ከጠዋቱ ዝቅ አድርጎ የሚያሳይበት ጊዜ ብዙ ነው። ማታ የታየው ዝቅ ያለ ቁጥር ቀኑን ሙሉ በተደረገ ጥረት የመጣ አይደለም።

እግርዎ ባዶ፣ ንጹሕና ደረቅ ይሁን፤ በሳህኖቹም መሃል በትክክል ይቁሙ። የተረከዝ ቆዳ በጣም የደደረ ከሆነ ንክኪው ስለሚደክም በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርጎ ማለስለስ ይጠቅማል፤ ይህን ካደረጉ ግን ሁልጊዜ ያድርጉት። በብርድ ጠዋት የቀዘቀዘ እግር መቋቋሙን ከፍ ስለሚያደርግ ስቡ የጨመረ ይመስላል። በተቃራኒው ከስፖርት ወይም ከሙቅ ሻወር በኋላ ቆዳው ሞቆ ደም ወደ እግር ስለሚፈስ ስቡ የቀነሰ ይመስላል። ጭኖችዎ በቆዳ ለቆዳ የሚነካኩ ከሆነ ኮረንቲው አቋራጭ መንገድ ስለሚያገኝ ቀጭን ቁምጣ መልበስ ወይም እግርን ትንሽ መለያየት ይረዳል።

ጾም ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው። በዓቢይ ጾም እስከ ከሰዓት በኋላ ሳይበላና ሳይጠጣ የሚቆይ ሰው፣ ወይም በረመዳን ቀኑን ሙሉ ውሃ ያልቀመሰ ሰው፣ ከመመገቡ ወይም ከማፍጠሩ በፊት ቢመዘን በሰውነቱ ያለው ውሃ ስለቀነሰ ክብደቱ ዝቅ ብሎ የስብ መቶኛው ግን ከፍ ሊል ይችላል። ይህን አይቶ “ጾሜ ስብ ጨመርሁ” ማለት ስሕተት ነው። ፋሲካ ወይም ዒድ በዋለ ማግስትም ጨው የበዛበት ምግብ በሰውነት ውስጥ ውሃ ስለሚይዝ ቁጥሮቹ ለጥቂት ቀናት አይታመኑም። እንጀራና ዳቦ በድንገት የቀነሰ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የሚያጣው ክብደት በአብዛኛው በጡንቻና በጉበት የተከማቸ ግላይኮጅን የተባለ የስኳር ክምችትና ከእሱ ጋር የተያዘ ውሃ ነው፤ አንድ ግራም ግላይኮጅን ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ በጾም መግቢያና መፍቻ፣ በበዓላት ሳምንትና በአዲስ አመጋገብ መጀመሪያ ላይ የተገኙትን ንባቦች በመዝገብዎ ላይ ምልክት አድርገው ለፍርድ አይጠቀሙባቸው። ሴቶች ከወር አበባ በፊት ባሉት ቀናት ሰውነታቸው ውሃ ሊይዝ ስለሚችል፣ የዚህን ወር ንባብ ካለፈው ወር ተመሳሳይ ቀናት ጋር ማነጻጸር ይሻላቸዋል።

ቁጥሩን ማንበብ

80 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 25.0 በመቶ ተብሎ ቢነገረው፣ ከነጥቡ በኋላ ያለው አንድ አሐዝ የሚወክለው 80 ግራም ስብ ነው። እንዲህ ያለ ረቂቅ ልዩነት በዚህ መሣሪያ ሊታወቅ አይችልም። በአንድ ግለሰብ ላይ የቤት ሚዛን ከትክክለኛው መጠን በበርካታ መቶኛ ነጥቦች ሊርቅ ይችላል፤ ስሕተቱ 4 ነጥብ ቢሆን እንኳ የዚህ ሰው ስብ ከ16.8 እስከ 23.2 ኪሎ ግራም ባለው መካከል የትም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ከነጥቡ በኋላ ያለውን አሐዝ ችላ ይበሉ፤ የአንድ ቀንን ንባብም ለብቻው አይፍረዱበት።

የሚሠራው ዘዴ በሳምንት ሦስት ወይም አራት ጠዋት ተመዝኖ አማካዩን መውሰድና የሳምንቱን አማካይ ከሌላው ሳምንት አማካይ ጋር ማነጻጸር ነው። ቢያንስ አራት ሳምንት ሳይሞላ ምንም ዓይነት ድምዳሜ ላይ አይድረሱ። በጓደኛ ቤት ወይም በጂም ባለ ሌላ ሚዛን የተገኘን ቁጥር ከራስዎ መዝገብ ጋር አይቀላቅሉ፤ ቀመሩ ሌላ ስለሆነ ልዩነቱ ስለ ሰውነትዎ የሚናገረው የለም። በዚሁ ምክንያት አሮጌው ሚዛን ተበላሽቶ አዲስ ሲገዛ መዝገቡ እንደ አዲስ መጀመር አለበት። የባልና የሚስትን ወይም የሁለት ጓደኛሞችን መቶኛ ማወዳደርም ጥቅም የለውም።

ከሚዛኑ ጎን ለጎን የልብስ ሰፊ ሜትር እንዲይዙ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ሚዛኑ የማያየውን ሆድም በቀጥታ ይለካል። ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ግርጌና ከዳሌ አጥንት አናት መካከል ያለውን ቦታ ይፈልጉ፣ ሜትሩን ሳያጠብቁ በቆዳ ላይ አግድም ያዙሩ፣ በተፈጥሮ ተንፍሰው ሲጨርሱ ያንብቡ። በዓለም የጤና ድርጅት መመዘኛ የወገብ ዙሪያ ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲሜትር ሲያልፍ የጤና ስጋት ይጨምራል፤ ከ102 እና ከ88 ሲያልፍ ደግሞ ስጋቱ በጣም ከፍ ይላል። ይህን ማስታወስ ለሚቸገር ሰው ወገቡ ከቁመቱ ግማሽ እንዳይበልጥ መጠበቅ በቂ መመሪያ ነው።

ይበልጥ የታመነ መለኪያ የሚያስፈልገው ሰው ዴክሳ የተባለውን በሁለት ዓይነት የኤክስሬይ ጉልበት የሚሠራ ምርመራ በሚገኝበት ሆስፒታል ሊጠይቅ ይችላል። እሱም የራሱ ስሕተት አለው፤ ከቤት ሚዛን ግን በእጅጉ ያነሰ ነው።

የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ በአካሉ ውስጥ የተተከለለት ሰው የስብ መለኪያውን ጨርሶ መጠቀም የለበትም፤ ሚዛኑ ክብደት ብቻ የሚለካበት ምርጫ ካለው እሱን ያብራ። ነፍሰ ጡር፣ የኩላሊት ሕመምተኛ ወይም እግሩ በሕመም የሚያብጥ ሰው የውሃው መጠን ቀመሩ ከሚገምተው ስለሚለይ የሚያገኘው የስብ ቁጥር ትርጉም የለውም። በመቶኛው መውጣትና መውረድ ስሜቱ የሚረበሽ፣ ወይም ምግብ መተው የጀመረ ሰው፣ በተለይም ወጣት ከሆነ፣ ሚዛኑን ከመተግበሪያው ነቅሎ ከሐኪም ጋር ቢነጋገር ይሻለዋል፤ ቤተሰቡም ይህን ምልክት ሲያይ በለሆሳስ ሊረዳው ይገባል።

ከአራት ሳምንት በኋላ መዝገብዎን ሲከፍቱ ሦስቱ መለኪያዎች የማይስማሙበት ጊዜ ይኖራል። ክብደቱ ባለበት ሆኖ ወገቡ ሁለት ሴንቲሜትር ከቀነሰ፣ የስብ መቶኛው ባይነቃነቅም እንኳ ወገቡን ይመኑ። ክብደቱም ወገቡም ሳይለወጡ መቶኛው ብቻ ሦስት ነጥብ ከወረደ፣ ከምግብዎ ወይም ከስፖርትዎ ምንም ሳይለውጡ በመጀመሪያ የሚዛኑን ባትሪ፣ ወለሉንና በመተግበሪያው የተመዘገበውን ቁመት ይፈትሹ። ክብደት፣ ወገብና መቶኛ በአንድ አቅጣጫ ለአራት ሳምንት ከሄዱ ግን ያ ለውጥ በሰውነትዎ ላይ በእርግጥ የደረሰ ነው፤ የምግብና የእንቅስቃሴ ዕቅድዎንም በዚያ ላይ ተመሥርተው ሊወስኑ ይችላሉ።