«የአናንሴዋ ጋብቻ»ን በመድረክ ንባብ ለማቅረብ፦ ለቴአትር ክበባት የተዘጋጀ መመሪያ

የአፍሪካ ሴት ፀሐፌ ተውኔቶች ሥራ ሲወሳ ውይይቱ አብዛኛውን ጊዜ በሚያነሡት ጉዳይ ላይ ይወሰናል፤ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ልጃገረዶች ትምህርት፣ ስለ ቤተሰብ ጽፈዋል ይባልና በዚያው ይታለፋል። ይህ ግን ጋናዊቷን ኢፉዋ ሰዘርላንድን (1924–1996 እ.ኤ.አ.) አይገልጻቸውም፤ በአገራቸው ቴአትር ላይ ያሳደሩት ትልቁ ተጽዕኖ ተመልካቹ ከመድረኩ ጋር ያለውን ግንኙነት መለወጣቸው ነውና። ስለዚህም ሥራቸውን በሚገባ ለመረዳት የሚሻ ክበብ ለብቻ ከማንበብ አልፎ በሰው ፊት ድምፅ አውጥቶ ሊሞክረው ይገባል። ለዚህ ተስማሚ ሆኖ ያገኘሁት በ1975 እ.ኤ.አ. የታተመው «የአናንሴዋ ጋብቻ» ነው።

ልምምድ ከመጀመራችሁ በፊት ተውኔቱ ከየት እንደመጣ ለአባላቱ አስረዱ። ሰዘርላንድ በ1958 እ.ኤ.አ. የሙከራ ቴአትር ቡድን አቋቁመው፣ በ1961 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአክራ የጋና ድራማ ስቱዲዮ የተባለውን ቤት አስከፈቱ። ከዚያ በኋላ ኤኩምፊ አትዊያ ወደተባለች መንደር ሄደው የነዋሪዎቹን የተረት አነጋገር በቅርብ አጠኑ፤ ከመንደሩ ሰዎች ጋርም ኮድዚዳን፣ ማለትም የተረት ቤት፣ ተሠራ። በከተማ የሚኖር የተማረ ፀሐፊ ከገጠር ተረት ነጋሪ ሊማር ይገባል ብለው ከልብ ያምኑ ነበር፤ ተውኔታቸውም የዚያ ትምህርት ውጤት ነው። አካን በተባለው የጋና ሕዝብ ተረቶች ታዋቂ በሆነው ብልጣብልጥ ሸረሪት በአናንሴ ስም ይህን በተረት አነጋገር ላይ የተመሠረተ የአጻጻፍ ስልት አናንሴጎሮ ብለው ሰየሙት፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጣው ጋናዊ ፀሐፌ ተውኔት መሐመድ ቤን አብዳላህ አቢቢጎሮ ያለውን የራሱን ስልት ያዳበረው በዚሁ መሠረት ላይ ቆሞ ነው። ተውኔቱ የታተመው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ወደ አማርኛ መልሳችሁ ለሕዝብ ልታቀርቡ ካሰባችሁ በመጀመሪያ የመብቱን ባለቤቶች ፈቃድ በጽሑፍ ጠይቁ።

የመጀመሪያው ስብሰባ ለንባብ ብቻ ይሁን። የደራሲዋን መግቢያ በጋራ አንብቡ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ቢሆንም ከማንኛውም የሂስ ጽሑፍ ይበልጥ የሚጠቅማችሁ እርሱ ነው። ከዚያም ገጸ ባሕርያትን ሳታከፋፍሉ፣ ክብ ሠርታችሁ ተቀምጣችሁ፣ እያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ገጽ እያነበበ ተውኔቱን እስከ መጨረሻው ዝለቁት። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ድህነት ያስመረረው አናንሴ ልጁን አናንሴዋን የጽሕፈት ሥራ ካስተማረ በኋላ በራሷ የጽሕፈት መኪና ለአራት ባላባቶች ደብዳቤ ያስጽፋታል። እርሷ ሳታውቀው ሁሉም እጮኛዬ ናት ብለው ስጦታ መላክ ይጀምራሉ፤ አራቱም የማጫ ሥርዓቱን ለመፈጸም እንደሚመጡ ባሳወቁ ጊዜ የተጨነቀው አባት ልጁ እንደሞተች ያስወራል፤ ይህም ለባላባቶቹ ፈተና ይሆናል።

የሥራው ዋና ክፍል ምቦጉዎ የሚባሉት ዘፈኖች ናቸው። በአካን የተረት ምሽት ተረት ነጋሪው እያወራ ሳለ ከታዳሚው መካከል አንዱ ንግግሩን አቋርጦ ዘፈን ያነሣል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ ከበሮው ይከተላል፤ ከዚያ ተረቱ ካቆመበት ይቀጥላል። ሰዘርላንድ ይህን ልማድ በተውኔቱ አካል ውስጥ አስገብተውታል። ዘፈኖቹን በትዕይንቶች መካከል የሚሰሙ ማስዋቢያዎች አድርጎ የሚያይ አዘጋጅ ተውኔቱን ያፈርሰዋል፤ ታሪኩ የሚተነፍሰው፣ ታዳሚውም አናንሴን የሚታዘበውና የሚያዝንለት በእነርሱ ነውና። ስለሆነም ቃለ ተውኔቱን ከማጥናታችሁ በፊት ዘፈኖቹን አጥኑ። በጽሑፉ ላይ ምቦጉዎ የሚገባበትን ቦታ ሁሉ በቀለም ምልክት አድርጉ፣ ማን እንደሚያነሣው ወስኑ፣ ተቀባዮቹንም በመድረኩ ላይ አትደርድሯቸው። አራት ወይም አምስት ድምፀ መልካም አባላትን በተመልካቹ መካከል በታትናችሁ ብታስቀምጡ፣ አጠገባቸው ያለው ሰው ሳይነገረው አብሮ መቀበል ይጀምራል። በአዝማሪ ቤት «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚሰጥ ታዳሚ ባለበት አገር ይህን ነገር ለማስረዳት ረጅም ንግግር አያስፈልግም፤ ተመልካቹ እንደተፈቀደለት ማወቁ ብቻ ይበቃዋል። ፈቃዱንም በግልጽ ስጡት፦ ተራኪው ገና ከመጀመሩ በፊት ወጥቶ አንዱን ዘፈን ከታዳሚው ጋር ደጋግሞ ይለማመድ። «ተረት ተረት» ብሎ «የላም በረት» የሚል ምላሽ መቀበል ለመክፈቻ ይሆናል፤ አናንሴን ግን ወደ ጦጣ ወይም ወደ ሌላ የአገራችን የተረት ብልጥ አትለውጡት፣ ስሙም አገሩም እንዳለ ይቆይ።

አቀማመጡን በተመለከተ ከፍ ያለ መድረክና መጋረጃ ያለውን አዳራሽ ተዉት። ወንበሮቹ በግማሽ ክብ ይደርደሩ፣ መብራቱም በታዳሚው ላይ አይጥፋ፤ ሰው ፊቱ ካልታየ አብሮ አይዘፍንም። ደራሲዋ በተውኔቱ ውስጥ ሁልጊዜ በተመልካቹ ፊት ሆኖ የመድረክ ቁሳቁስ የሚያቀብል ሰው አስገብተዋል፤ ጃንጥላ ወይም ወንበር ባስፈለገ ቁጥር ይህ ሰው በግልጽ ተነሥቶ ያቀብላል። ለዚህ ሚና ጽሑፍ ያልደረሰውን አባል መመደብ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ የተረጋጋውንና ጊዜ አጠባበቅ የሚያውቀውን ምረጡ እላለሁ፣ የንባቡ ፍጥነት በእጁ ነውና። አልባሳት በየቤቱ የተገኘው ነጠላና ጋቢ ይበቃል።

አራቱ ባላባቶች ራሳቸው በመድረክ ላይ አይታዩም፤ የምናውቃቸው በመልእክተኞቻቸው በኩል ነው። ስለዚህ ጥቂት አባላት ያሉት ክበብም ሥራውን ሊወጣው ይችላል፤ ሁለት ሦስት አንባቢዎች ሁሉንም መልእክተኞች እየተፈራረቁ ቢያነቡ የየጌታቸው ጠባይ በድምፃቸው ልዩነት ይለያል። በለቅሶው ትዕይንት አንባቢዎቹን ከቀልድ ከልክሏቸው። ሞቱ የውሸት መሆኑን ተመልካቹ ያውቃል፣ መልእክተኞቹ ግን አያውቁም፤ ሐዘናቸውን የምር አድርገው ሲያነቡት ከአራቱ መካከል ባል ለሚስቱ የሚያደርገውን ሁሉ በኃላፊነት የሚወስደው «ባላባት የሆነው ባላባት» የተባለው ከሌሎቹ ተለይቶ ይወጣል። አንባቢዎቹ አስቀድመው ከሳቁ ፈተናው ፈተና መሆኑ ይቀራል።

ከንባቡ በኋላ በሚደረገው ውይይት ልጅቱን የሚመለከት ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። አናንሴዋ እንደ ዕቃ አልሸጥም ብላ ትቃወማለች፣ በመጨረሻ ግን አባቷ በጀመረው መንገድ ትሄዳለች፤ ይህ መፍትሔ እኔን ሙሉ በሙሉ አያረካኝም። ክበቡ ይህን ክርክር ሊቀጥል ከፈለገ ቀጥሎ ማንበብ ያለበት የሌላዋን ጋናዊት ፀሐፊ የአማ አታ አይዱን (1942–2023 እ.ኤ.አ.) ተውኔት ነው። አይዱ ተማሪ ሳሉ በሰዘርላንድ የቴአትር ሥራ ውስጥ ያለፉ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያ ተውኔታቸው በ1964 እ.ኤ.አ. በጋና ዩኒቨርሲቲ በመድረክ ታየ። በ1970 እ.ኤ.አ. የታተመው «አኖዋ» በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጎልድ ኮስት (የዛሬዋ ጋና) ኑሮ ላይ ተመሥርቶ፣ ወላጆቿ ያልወደዱትን ሰው በራሷ ፈቃድ ያገባችውንና ባሏ ባሪያ ሲገዛ ግን አብራ ለመክበር እምቢ ያለችውን ሴት ያሳያል። ተረት ነጋሪው እዚህም አለ፤ አሁን ግን «ጨውና በርበሬ የሚበላ አፍ» ተብለው ወደ ተጠሩ ሁለት ተከራካሪ ሽማግሌዎች ተለውጧል፣ አሮጊቷ አኖዋን ትወቅሳለች፣ አዛውንቱ ይራራላታል። ለእነዚህ ሁለቱ የምታውቋቸውን ታላላቅ አንባቢዎች መድቡ፣ ከመድረኩ ግራና ቀኝ አራርቃችሁም አስቀምጧቸው። ደራሲዋ በአዘገጃጀት ማስታወሻቸው ተውኔቱ በአኖዋ የመጨረሻ መውጫ ሊያበቃ እንደሚችል፣ ወይም ሽማግሌዎቹ ተመልሰው እንዲናገሩ ሊደረግ እንደሚችል ገልጸው ምርጫውን ለአዘጋጁ ትተዋል፤ ስለዚህ በልምምድ ጊዜ ሁለቱንም አነባብባችሁ፣ ባሏም እርሷም ከሞቱ በኋላ ፍርድ መስማት የሚያስፈልግ መሆን አለመሆኑን አባላቱ ተከራክረው ይወስኑ።